ከጀሶው በኋላ፦ በቆልማማ እግር ሕክምና የወላጆች ድርሻና የማገርሸት ጥያቄ

(ግንቦት 26 ቀን የሚታሰበውን የዓለም የቆልማማ እግር ቀን ምክንያት በማድረግ ለፋኩልቲው ማኅበረሰብ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



በቆልማማ እግር ክሊኒክ ውስጥ የመጨረሻው ጀሶ የሚፈታበት ቀን የደስታ ቀን ነው። ወደ ውስጥ ታጥፎ የነበረው እግር ቀጥ ብሎ ይታያል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ባለሙያውም የድካሙን ፍሬ ያያል። የመማሪያ መጻሕፍትም ዝርዝር ትረካቸውን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጨርሳሉ። የዛሬው ንግግሬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

ላስረዳ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ሕፃኑ የሚያደርገው ብሬስ የሕክምናው ረጅሙ ክፍል ነው። ይህን ክፍል የሚያከናውነው ሐኪም ሳይሆን ወላጅ ነው፤ የሚያከናውነውም በቤቱ፣ በሌሊት፣ ማንም በማያየው ሰዓት ነው። ስለሆነም ወላጅን ትእዛዝ ፈጻሚ ወይም ትእዛዝ አፍራሽ አድርገን የምንመለከት ከሆነ፣ እግሩ ማገርሸት ሲጀምር እውነቱን የሚነግረን አናገኝም። እውነቱን በጊዜው ካላገኘን ደግሞ በጥቂት ጀሶ ሊታረም የሚችለው ችግር ወደ ቀዶ ሕክምና ያመራል።

፩. ስለ ችግሩና ስለ ሕክምናው በአጭሩ

ቆልማማ እግር፣ ክለብፉት በመባልም የሚታወቀው፣ ከውልደት ጀምሮ የሚታይ የእግር አፈጣጠር ችግር ነው። አራት ነገሮች በአንድነት ይታዩበታል፦ የእግሩ ቅስት ከመጠን በላይ ይጎብጣል፣ የፊተኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ተረከዙ ወደ ውስጥ ያጋድላል፣ እግሩም በጠቅላላው ወደ ታች ያዘቀዝቃል። በዓለም አቀፍ ግምት ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ ይከሰታል። በወንዶች ላይ ከሴቶች በእጥፍ ያህል ይበዛል፤ ከተጠቂዎቹም ግማሽ ያህሉ በሁለቱም እግሮቻቸው ላይ ይኖርባቸዋል። በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት አገራችን ይህ ስሌት በዓመት ከ3,000 በላይ ሕፃናት ማለት ነው። ለአብዛኞቹ ተለይቶ የሚጠቀስ ምክንያት አይገኝም። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ያየችው ወይም የተሸከመችው ነገር ያመጣው አይደለም፤ እርግማንም ቅጣትም አይደለም።

ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበትን ሕክምና ያበረከቱት ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1914 በስፔን ሜኖርካ ደሴት ተወለዱ፤ የዛሬው ዕለት የሚታሰበውም በልደታቸው ቀን ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በሐኪምነት አገልግለው፣ ከአገራቸው ተሰድደው፣ በመጨረሻም በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጡ። በዚያም በቀዶ ሕክምና የተስተካከሉ እግሮች ከዓመታት በኋላ ሲደርቁ፣ ሲደክሙና ሲያምሙ ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ቀዶ ሕክምናን በእጅጉ የሚቀንሰውን ዘዴ አዳበሩ። ዘዴው በሰፊው ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ግን ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ፖንሴቲ እ.ኤ.አ. በ2009 በ95 ዓመታቸው አርፈዋል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። የሕፃኑ እግር በየሳምንቱ በእጅ በቀስታ እየተስተካከለ ከጣቱ እስከ ጭኑ በጀሶ ይታሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ከዚያም ለአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዙ ጅማት በጣም ትንሽ በሆነ ቀዶ ይቆረጣል፤ የመጨረሻውም ጀሶ ለ3 ሳምንት ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ጅማቱ ረዝሞ ይድናል። ከዚህ በኋላ ብሬሱ ይጀመራል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሕፃኑ በሚተኛበት ጊዜ ብቻ፣ ማለትም በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ 4 ዓመት እስኪሞላው ወይም ከዚያም በላይ ይደረጋል።

እስቲ እነዚህን ቁጥሮች እንደምር። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት 2,000 ሰዓት ገደማ ናቸው። ቀሪው ጊዜ በቀን በ12 ሰዓት ሒሳብ 16,000 ሰዓት ገደማ ነው። በድምሩ 18,000 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሐኪሙ እግሩን በእጁ የሚይዘው ለጥቂት ሳምንታት፣ በየሳምንቱም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከሥራ ክፍፍል አንጻር ሲታይ የቆልማማ እግር ዋና አካሚ ማን እንደሆነ ይህ ስሌት ይነግረናል።

፪. የተስተካከለ እግር ስለ ምን ያገረሻል?

ከወላጆች የምንሰማው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፦ «እግሩ ድኗል፤ ታዲያ ለምን ይታሠራል?» አያቶችና ጎረቤቶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዴም ይፈርዳሉ። እዚህ ላይ የሕክምናው ስኬት ራሱ ፈተና እንደሚሆን ልብ በሉ፤ እግሩ ባማረ ቁጥር ብሬሱ አላስፈላጊ ይመስላል።

መልሱ ከሥረ መሠረቱ ይጀምራል። እግሩን በማሕፀን ውስጥ ያጣመመው ሂደት በውልደት አይቆምም። በእግሩ የኋላና የውስጥ ጎን ያሉት ጅማቶችና አገናኝ ቲሹዎች የመኮማተር ባሕርያቸውን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘው ይቆያሉ። በሌላ በኩል እግር እጅግ ፈጥኖ የሚያድገው በእነዚሁ ዓመታት ነው፤ ሴት ልጅ 1 ዓመት፣ ወንድ ልጅ ደግሞ 1 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው እግሩ አዋቂ ሲሆን የሚኖረውን ርዝመት ግማሽ ያህል ይደርሳል። አጥንቱ ሲያድግ የሚኮማተረው ቲሹ ወደ ኋላና ወደ ውስጥ ይስበዋል። ብሬሱ የሚያደርገው ይህን ስበት በየሌሊቱ መቃወም ነው። ዕድሜ ሲጨምር የማገርሸት ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህም ለብሬሱ ማብቂያ አለው።

የብሬሱ አሠራርም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለት ጫማዎች በትከሻ ስፋት ልክ በሆነ ዘንግ ይያያዛሉ። የታመመው እግር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ጤነኛው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ውጭ ይዞራል። ችግሩ በአንድ እግር ብቻ ቢሆንም ሁለቱም እግሮች መታሠራቸው ብዙ ወላጆችን ያስገርማል፤ ነገር ግን የታመመውን እግር ወደ ውጭ ዞሮ እንዲቆይ የሚያደርገው ከጤነኛው ጋር መያያዙ ነው። የታመመውን እግር ብቻ የሚይዝ መሣሪያ ይህን መዞር ሊጠብቅ አይችልም። ሕፃኑ ጉልበቱን በዘረጋ ቁጥርም የተረከዙ ጅማት ይሳባል፤ እየተራገጠ ራሱን ያክማል ማለት ይቻላል።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። በኡጋንዳ፣ ካምፓላ ከተማ፣ በካታሌምዋ ቼሻየር ሆም የተሠራው ስቴንቤክ ብሬስ በአካባቢ ከሚገኝ ቆዳ፣ እንጨትና ብረት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ለታዳጊ አገሮች አብነት ሆኗል። በጫማው ተረከዝ በኩል ያለችው ቀዳዳ ትንሽ ነገር ትምሰል እንጂ፣ ማንኛዋም እናት ተረከዙ በቦታው መቀመጡን በዓይኗ እንድታረጋግጥ ታስችላታለች።

፫. በቤት ውስጥ ያለው ሥራ

የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ከባድ ናቸው። ሕፃኑ እግሮቹን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ስለማይችል ይናደዳል፤ ያለቅሳል። ወላጅ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ልቅሶውን እንደ ሕመም ይቆጥረውና ጫማውን ያወልቃል። ሕፃኑም ልቅሶ ጫማ እንደሚያስወልቅ ይማራል። አስቀድሞ ከተነገረው ግን ዘንጉን ይዞ የሕፃኑን ሁለት እግሮች በአንድነት እያጠፈና እየዘረጋ ያጫውተዋል፤ ሕፃኑም እግሮቹ አብረው እንደሚሄዱ በቀናት ውስጥ ይለምዳል።

ልቅሶውን ከሕመም የሚለየው ቆዳው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫማው በቀን ጥቂት ጊዜ እየተፈታ ቆዳው ይታያል። ቀላ ያለ ምልክት የተለመደ ነው። ደማቅ ቅላት ወይም ውኃ የቋጠረ ቁስል፣ በተለይ በተረከዙ ጀርባ ላይ ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ተረከዙ በጫማው ውስጥ እየተንሸራተተ መሆኑን ያመለክታል። እዚህ ላይ የወላጅ ደመ ነፍስ ያሳስታል፤ ማሰሪያውን ማላላት ይፈልጋል፤ ማላላት ግን መንሸራተቱን ያብሰዋል። የሚያስፈልገው መካከለኛውን ማሰሪያ በደንብ አጥብቆ ተረከዙን በቦታው ማስቀመጥ ነው። በቀላው ቦታ ላይ ቅባት መቀባትም አይመከርም፤ ቆዳውን አለስልሶ ለበለጠ ጉዳት ያጋልጠዋል። ቁስሉ ካልዳነ ሳይዘገዩ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው።

ከ3 ወር በኋላ ያለው ጊዜ ሌላ ባሕርይ አለው። ልቅሶው ያበቃል፤ መዘናጋት ይጀምራል። ጫማው ከመኝታ ጋር እንደ አንድ ነገር ሲቆጠር፣ ማለትም «መተኛት ሲባል ጫማ ማድረግ ነው» የሚል ልማድ ሲተከል፣ ልጁ ራሱ ጫማውን ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን የሚደረግ፣ አንድ ቀን የሚቀር ከሆነ ግን በየምሽቱ ክርክር ይነሣል፤ በክርክሩም የሚያሸንፈው ልጁ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ማሰሪያውን መፍታት ይማራል።

እነዚህን ሁሉ የሚፈጽመው እናት ብቻ እንዳልሆነች እናስታውስ። ማታ ከልጁ ጋር የሚያድሩት አያቱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀን የሚያስተኛው ሞግዚት ልትሆን ትችላለች። ክሊኒክ የመጣችው እናት የተማረችውን ያላየ ሰው በቤት ውስጥ ካለ፣ ትምህርቱ በደጃፉ ቀርቷል ማለት ነው።

፬. ሕክምናው የሚገባበት ቤት

ተማሪዎቻችን ይህን ዘዴ ከውጭ መጻሕፍት ይማራሉ፤ ዘዴው የሚፈጸመው ግን በእኛ ቤት ነው። ጥቂት ምሳሌዎችን ላንሣ።

ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል። ይህ ግን እናት በአራስነት ቤት የምትቀመጥበት ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ወደ ክሊኒክ መውጣት ከወገቧም ከልማዱም ጋር ይጋጫል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደግሞ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ጀሶ ግን ውኃ ሊነካው አይገባም። ይህን በግልጽ የሚያነሣ ባለሙያ ካለ ሥርዓቱን ከጀሶ መቀየሪያው ቀን ጋር ለማቀናጀት ይቻላል። ባለሙያው ዝም ካለ ቤተሰቡም ዝም ይላል፤ ጀሶውንም ራሱ ይፈታዋል።

በ23ቱ ሰዓት ዘመንም ልጅን በአንቀልባ ማዘል ያስቸግራል፤ ዘንጉ ይከለክላል። ልጇን አዝላ ገበያ ለምትውል፣ ውኃ ለምትቀዳ እናት ይህ የኑሮ ጥያቄ ነው። ለመስቀል ወደ ትውልድ አገሩ የሚወርድ ቤተሰብም ጫማውን ቤት ትቶ ለሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ የዘመድ ዓይን ያሳፍረዋልና። ሲመለስ እግሩ ወደ ጫማው አልገባ ይላል። በዚህን ጊዜ በጉልበት ማስገባት ቁስል ያመጣል፤ መተው ደግሞ ማገርሸትን ያፋጥናል። ትክክለኛው ነገር በዚያው ሳምንት ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። ይሁን እንጂ ወቀሳ እንደሚጠብቀው የሚያውቅ አባት በዚያው ሳምንት አይሄድም።

፭. «ትእዛዝ አለማክበር» ስለሚባለው ቃል

ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የማገርሸት ትልቁ ምክንያት ብሬሱን በአግባቡ አለማድረግ ነው። ከአዮዋ የወጡ መረጃዎች ብሬሱን በአግባቡ ካደረጉት ሕፃናት ያገረሸባቸው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ካላደረጉት ውስጥ ግን ከ80 በመቶ በላይ መሆናቸውን አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዶብስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናትም ከማገርሸት ጋር የተያያዙ ሁለት ነገሮችን አግኝቷል፤ እነርሱም ብሬሱን አለማድረግና የወላጆች የትምህርት ደረጃ ናቸው። የእግሩ የመጀመሪያ ክብደት እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየበትም።

እነዚህን ውጤቶች በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንደኛው ንባብ «ጥፋቱ የወላጅ ነው» ይላል። እኔ የምደግፈው ሁለተኛውን ነው። የእግሩ ክብደት ሳይሆን የወላጅ ትምህርት ውጤቱን የሚወስን ከሆነ፣ የእኛ ማስረዳት የሚደርሰው ቀድሞውኑ ለተማረው ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ የአስተማሪው ጉድለት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ማስተማር አይባልም፤ እናቲቱ በፊታችን ጫማውን ሦስት ጊዜ አስራ ፈትታ ስታሳየን ግን ተምራለች።

ሌላም ማስረጃ አለ። ተመራማሪዎች በጫማው ውስጥ መለኪያ ገጥመው ትክክለኛውን ሰዓት ሲመዘግቡ፣ የተመዘገበው ወላጆች ከተናገሩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ወላጆች ዋሹ ብሎ መተርጎም ቀላል ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ወደ ጠያቂው እመልሰዋለሁ። «ጫማውን በደንብ ያደርጋል አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አዎን ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው? «ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ሳያደርግ አደረ? በዚያ ሌሊትስ ምን አስቸገራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ፣ መቅረቱ ሊያጋጥም የሚችል ነገር መሆኑን አስቀድሞ ስለተቀበለ፣ እውነተኛ ቁጥር ያገኛል። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ጫማው ጠቦ እንደሆነ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ እንደሆነ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ አልቆ እንደሆነ ሊመረምር ይችላል።

ደግሞም ከላይ የጠቀስኩትን 6 በመቶ አንርሳ። ሁሉንም ነገር በትክክል ያደረጉ ወላጆች ልጅም ሊያገረሽበት ይችላል፤ ቲሹው ከሌሎች ይልቅ የደረቀ፣ ወይም እግሩን ወደ ውጭ የሚስቡት ጡንቻዎች የደከሙ ሊሆኑ ይችላሉና። ሲያገረሽ ሁሉ ወላጅን የሚከስስ ክሊኒክ እነዚህን ቤተሰቦች ያለ ጥፋታቸው ይቀጣቸዋል።

፮. ሲያገረሽ

የማገርሸት የመጀመሪያ ምልክት የሚታየው በክሊኒክ ሳይሆን በቤት ነው። ትናንት ወደ ጫማው በቀላሉ ይወርድ የነበረው ተረከዝ ዛሬ ከፍ ብሎ ይቀራል። እግሩ ወደ ላይ የመታጠፍ አቅሙ ይቀንሳል። መራመድ በጀመረ ልጅ ላይ ደግሞ በጣት መሄድ፣ በእግር የውጭ ጠርዝ መርገጥ፣ ተረከዝን መሬት አስነክቶ ቁጢጥ ማለት አለመቻል፣ የቀን ጫማው የውጭ ጠርዝ ቶሎ ማለቅ ይታያል። እነዚህን የምታይ እናት ቀጠሮዋ እስኪደርስ መጠበቅ የለባትም።

በጊዜው የተደረሰበት ማገርሸት መልስ አለው። አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ለጥቂት ሳምንታት ጀሶ ይደረጋል፤ አስፈላጊ ሲሆን የተረከዙ ጅማት ዳግም ይቆረጣል፤ ከዚያም ወደ ብሬሱ መመለስ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የሆነና ሲራመድ እግሩ ወደ ውስጥ የሚገለበጥበት ልጅ፣ ከጀሶ በኋላ በእግሩ ፊት ለፊት ያለውን ጅማት ወደ ውጭኛው ጎን በማዛወር ሊረዳ ይችላል። ይህ መገጣጠሚያን የማይከፍት ቀዶ ስለሆነ እግሩ እንደተፍታታ ይቀራል። ተዘግይቶ የመጣና የደረቀ እግር ግን ወደ ሰፊው ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም ፖንሴቲ ሊያስቀሩት ወደ ደከሙት ነገር ይመልሰናል።

ወላጅ ምስክር መሆኑን ዘመናዊው ምዘናም እየተቀበለው ነው። በዚምባብዌ በተካሄደ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ለአፍሪካ ክሊኒኮች የተዘጋጀ አንድ አጭር መመዘኛ አራት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። አንደኛውን ባለሙያው እግሩን አይቶ ይመልሳል፤ መርገጫው መሬት ላይ በሙሉ ያርፋል ወይ የሚል ነው። ሦስቱን የሚመልሰው ወላጅ ነው፦ ልጁ ሕመም ይሰማዋል ወይ? የፈለገውን ጫማ ማድረግ ይችላል ወይ? በእግሩ ምን ያህል ረክታችኋል?

ማጠቃለያ

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በየሆስፒታሉ ስትመደቡ ጀሶ አጠቃለልን ከመምህሮቻችሁ ትማራላችሁ፤ ጥሩ እጅ ይኖራችኋል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ነገሮችን እንድትይዙ አደራ እላለሁ። ስለ ብሬሱ በመጨረሻው ጀሶ ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ጀሶ ቀን መናገር ጀምሩ። ከእናቲቱ ጋር በሌሊት የሚረዳት ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚቀጥለው ቀን እርሱም ይምጣ። ጫማው ሳይደረግ ያደረበትን ሌሊት ለሚነግራችሁ ወላጅ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ምስጋና አቅርቡ፤ የምትሠሩበትን መረጃ የሰጣችሁ እርሱ ነውና።

እዚህ ለተገኛችሁ ወላጆች የምለው ጥቂት ነው። ቀጠሮ ያለፈባችሁ፣ ጫማው የተተወባችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ሳትቆጥሩ ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ። የአንድ ወር መዘግየት ከሁለት ወር ይሻላል፤ የሁለት ወሩም ከዓመቱ። ልጁ ሮጦ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት የሚያየው ሰው ስለ ጫማው አያውቅም፤ እናንተ ግን እያንዳንዷን ሌሊት ታውቋታላችሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።